መንደሩ ለምን እዚያ ተቀመጠ? ስለ ሰሜን ሸዋ ደጋ መሬት፣ ቤትና ሣር

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ሲወጡ ጫጫን አልፎ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው አገር ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ክረምት ውኃ ያቁራል፣ በመስከረም አደይ ይለብሳል፣ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ማለዳ ማለዳ በውርጭ ይነጣል። መሐሉ ላይ ግን ቤት እምብዛም አይታይም። ገበሬው ሜዳውን ለከብትና ለሣር ትቶ እሱ ወደ ዳር፣ ወደ ጉብታው ወገብ፣ ድንጋይ ወደበዛበት ሸሽቶ ሰፍሯል። ለእንግዳ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለዋል፤ ለሙን መሬት ትቶ ጭንጫ ላይ ቤት መሥራት ምን ይባላል?

ስለ ሰሜን ሸዋ ቅርስ ሲወራ ወዲያው የሚነሱት የአንኮበር ቤተ መንግሥት፣ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የቆረቆሯት ደብረ ብርሃን፣ ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላ ናቸው። ይገባቸዋል። የተራው ገበሬ መንደር ግን ሌላ ዓይነት ቅርስ አለው፤ እሱም አቀማመጡ ነው። ቤቱ የት ቆመ፣ ውኃው በየት ይወጣል፣ የጣሪያው ሣር ከየት ይመጣል፣ ማሳው ለምን ተበታተነ? እያንዳንዱ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ሲረሳ ደግሞ የሚመጣው ጉዳት በዓይን የሚታይ ነው።

ገደሉ፣ ምንጩና ውርጩ

ከመሬቱ እንጀምር። ጣርማ በር ላይ የቆመ ሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሏል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ተጠማዝዞ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህች አጭር ርቀት ከውርጭ አገር ተነስቶ በደጋና በወይና ደጋ በኩል ቆላ ይገባል፤ ገብስና ባቄላ ትቶ ማሽላና ማንጎ ላይ ይደርሳል። የዝናቡም ነገር እንዲሁ ነው። ከጫፉ በስተምዕራብ የወደቀው በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ በስተምሥራቅ የወደቀው አዋሽን ተከትሎ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል።

ድንጋዩ ከሥር እስከ ላይ የእሳተ ገሞራ ነው፤ አብዛኛው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ነው። የኢትዮጵያ ደጋ የለበሰው የዚህ ድንጋይ ዋናው ክፍል የፈሰሰው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከዚያ በኋላ ለመጣው አንደኛው የባዛልት ክፍል ስም ያወጡለት ከዚሁ ከጣርማ በር ነው። ለገበሬው ዋናው ነገር ድንጋዩ ተደራራቢ መሆኑ ነው። ጠንካራው ድርብ ገደል ሆኖ ይቆማል፤ ለስላሳው ይሸረሸርና ደልደል ያለ ቦታ ይወጣዋል። ዝናቡ በላይኛው ድርብ ስንጥቅ ሰርጎ ይወርድና ውኃ የማያሳልፍ አፈር ሲያጋጥመው ወደ ጎን ይወጣል። ምንጭ ብዙ ጊዜ ከገደል ግርጌ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። በአንድ ተረተር ላይ ያሉ ምንጮች በአንድ ከፍታ ተሰልፈው ቢታዩም አይገርምም።

መንደሩ ታዲያ ይህን የምንጭ መስመር ይከተላል፤ ነገር ግን በላዩ ላይ አይቀመጥም። ቤቶቹ ከምንጩ ጎን ወይም ትንሽ ዝቅ ብለው ነው የሚሠሩት። ከምንጩ በላይ ቤት ከተሠራ የበረቱ እዳሪና የሽንት ቤቱ ፍሳሽ በዚያው ስንጥቅ ሰርጎ ሰው የሚቀዳው ውኃ ውስጥ ይገባል። አሁን ብዙ ቦታ ከምንጭ በላይ ቤት እየተሠራ ነው፤ ቦታው ባዶ የነበረው የሚሠራበት ሰው ጠፍቶ አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ሌሊት ሙቀቱን ይለቃል። የቀዘቀዘ አየር ይከብዳልና እንደ ውኃ ወደ ዝቅታ ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ጉብታው ወገብ ላይ ያለው ባቄላ ሳይነካ፣ ጥቂት ሜትር ዝቅ ብሎ ያለው ጠውልጎ ጠቁሮ ይገኛል። ስለዚህ ውርጭ የማይችለው ሰብል ወገቡ ላይ ይዘራል፣ ሜዳው ሣር ያበቅላል፣ ሰውም ከሜዳው ከፍ ብሎ ያድራል። ከፍ ማለት ግን ልክ አለው። ጫፉ ላይ የወጣ እንደሆነ ከቆላ የሚነሳው ነፋስና ጉም አያስቀምጠውም። ያው ጉም በሌላ በኩል ጠቃሚ ነው፤ ከደብረ ሲና ወደ አንኮበር የሚዘልቀውን የወፍ ዋሻ ደን ጥድና ወይራ በእርጥበት ያቆየው አንዱ እሱ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ አፈሩ ራሱ። የሜዳው አፈር መረሬ ነው፤ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ክረምት ላይ መልሶ ይገጥማል። መሠረቱ መረሬ ላይ ያረፈ ግድግዳ በየዓመቱ ከሥሩ ይነሳል፣ ይወድቃል። ውሎ ሲያድር ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ይታያል። ያንን በሲሚንቶ ቢለስኑት ለአንድ በጋ ነው። አሁን በየመንገዱ ዳር ሜዳ ላይ የሚበቅሉት ትንንሽ ከተሞች ችግራቸው ይህ ነው፤ መኪና ወዳለበት ወረዱ፣ ድንጋዩን ግን ወደ ኋላ ተዉት። መረሬ ላይ የግድ የሚሠራ ሰው መረሬውን ጠርጎ እስኪያልቅ መቆፈር አለበት። ጥልቀቱ የማይቻል ከሆነም ቢያንስ የጣሪያው ፍሳሽ ከመሠረቱ ርቆ እንዲሄድ ቦይ ያውጣ፤ አፈሩ እኩል እንደረጠበ ወይም እኩል እንደደረቀ ቢቆይ ስንጥቁ ይቀንሳል።

መረሬን ማረስ

ቤት የማይቆምበት መረሬ ሰብል ያበላል፤ ግን በውኃ ይታፈናል። ክረምት ሙሉ ውኃው አይሰርግም፣ የሰብሉ ሥር አየር ያጣል፣ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ለዚህ የሰሜን ሸዋ ገበሬ መላው አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው መጠበቅ ነው። መሬቱ ክረምቱን አርፎ፣ ዝናቡ ሲቀንስ በመስከረም ሽምብራ፣ ምስር ወይም ጓያ ይዘራበታል። አፈሩ የያዘው እርጥበት ብቻውን ያደርሳቸዋል። ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ የክረምቱ ጊዜ ያለ ሰብል ያልፋል፣ ባዶ የታረሰው አፈር ደግሞ በጎርፍ ይታጠባል። (ጓያ ድርቅ ይችላል፣ ለከብትም ይስማማል። ሰው ግን ለወራት ዋና ምግቡ ካደረገው እግር ያሽመደምዳል፤ አባቶች ከሌላ እህል ጋር ካልሆነ ማለታቸው በከንቱ አይደለም።)

ሁለተኛው መደብ ማውጣት ነው፤ በዚህ እነዋሪና ጅሩ የታወቁ ናቸው። ከዘር በኋላ ቤተሰቡ፣ ሴቱም ልጁም፣ ማሳ ውስጥ ገብቶ አፈሩን በእጅ እየሳበ ሰፊ መደብና ቦይ ያወጣል። ውኃው በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴው መደቡ ላይ አየር አግኝቶ ያድጋል። በኋላ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሥራ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ አወጡለት፤ 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል። ልኩ ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከማሳው ውጭ ነው፤ የእኔ ቦይ ውኃውን ጎረቤቴ ማሳ ላይ ካፈሰሰው እሱ ይደፍነዋል፣ ሲደፈን የእኔ መደብ ይሰጥማል። ሁሉም በአንድ መውረጃ ተስማምቶ፣ መውረጃው ሣር ለብሶ ወንዝ ካልደረሰ በስተቀር ቦይ የቦረቦር መጀመሪያ ነው። ስምምነቱ ከመሣሪያው የከበደ ሥራ ነው። የጅሩ ሰንጋ ዝናም ከዚህ አይርቅም፤ መሬቱ ጥሩ እህል ሲሰጥ ጭዱም ይተርፋል፣ በሬው ከበረት ሳይወጣ በጭድ፣ በሣር፣ በጓያ ገለባና በአተላ ይቀለባል።

ሦስተኛው በደብረ ብርሃን ዙሪያና በሸኖ በኩል የቆየው አፈር ማጋየት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ብዙ ዓመት ያደረ፣ ሣር የለበሰ መሬት በበጋ ደጋግሞ ይታረስና ጓሉ ከነሣር ሥሩ ይደርቃል። ከዚያ በየቦታው ይከመራል፣ ሆዱ ውስጥ ኩበት ይገባል፣ ይለኮሳል። ነበልባል አያወጣም፤ ለቀናት እየጤሰ ከውስጥ ይግላል። ሲበርድ የተቃጠለው አፈር ማሳው ላይ ይበተንና ገብስ ይዘራል። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያስደንቃል። እሳቱ የአረሙን ዘር ይገድላል፣ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረውን ምግብ ይለቃል፣ ሸክላነቱን ሰብሮ እንደ አሸዋ ስለሚያደርገው ውኃው ይሰርጋል። ግን ብድር ነው። የተቃጠለው የአፈሩ ስብ ነው፤ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ መሬቱ እጁን ይሰጣል፣ መልሶ ለማገገም አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ማደር ይፈልጋል። አባቶች መሬት ሰፊ ስለነበራቸው ያሳድሩት ነበር። አሁን ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው አሥር ዓመት አያሳድርም፤ ሳያሳድር ካጋየ ደግሞ ልጁ የሚያርሰው ጡብ ነው። በዚህ ዘመን አፈር ማጋየትን የሚመክር ሰው ቢኖር አልሰማውም፤ ኩበቱን ሳያነዱ ብስባሽ አድርጎ ማልበስ ይሻላል። ችግሩ ኩበቱ የማገዶም ዕዳ አለበት።

ስለ ማረሻው ጥቂት ልበል፤ መሣሪያው መሬቱን የቀረጸበት መንገድ አለና። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ሁለት ድግር፣ ወገልና ማረሻ። ቀላል ነው፤ ገበሬ በትከሻው ተሸክሞት ገደል ይወጣል፣ የተሰበረውን ራሱ ጠርቦ ይተካል። አፈር ግን አይገለብጥም፣ ይሰነጥቃል እንጂ። በሁለት ትልም መካከል ያልተነካ አፈር ይቀራል። ስለዚህ ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን አቋርጦ መሄድ አለበት፤ ይገመሳል፣ ይታየማል፣ ይሠለሳል። ዳገት ላይ ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንዱ እርሻ አግድም ከሆነ የሚያቋርጠው የግድ ቁልቁል ይሆናል፣ ትልሙም የጎርፍ መንገድ ይሆናል። ጥሩ አራሽ የመጨረሻውን እርሻ ሁልጊዜ አግድም ያደርገዋል፣ ከዚያም በሰያፍ ፈሰስ፣ ማለትም የውኃ መውረጃ ትልም፣ ያወጣል። ፈሰሱ በጣም ከተጋደመ ሞልቶ ይሰብራል፣ በጣም ከቆመ አፈሩን ይበላል። ሠርቶ ሄዶ መተኛት የለም፤ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ማሳውን ዞሮ የሞላውን መክፈት፣ የተበላውን በድንጋይ መድፈን ይፈልጋል።

በአንኮበር ቁልቁለቶች ይህ ሁሉ ስለማይበቃ እርከን ተሠርቷል። ድንጋዩ የሚለቀመው ከማሳው ስለሆነ ሁለት ሥራ በአንድ ይሠራል፤ ማሳው ይጠራል፣ ካቡም ይቆማል። ካቡ ከሥሩ ሰፊ፣ ወደ ላይ ጠበብ ያለ፣ ፊቱም ወደ ዳገቱ ትንሽ ያጋደለ መሆን አለበት። ቀጥ ብሎ ከቆመ ከኋላው የረጠበ አፈር ይገፋዋል። ያለ ጭቃ መካቡ ለቁጠባ አይደለም፤ ውኃው በድንጋዮቹ መካከል እንዲወጣ ነው። በብዛት የሚፈርሰው በዝናብ ሳይሆን አጨዳ ካለቀ በኋላ ከብት ሲለቀቅ ነው። በሬ አንዲት የጫፍ ድንጋይ ይጥላል፣ ክረምቱ በዚያች ክፍተት ይገባል።

አንድ ቤተሰብ፣ ብዙ ቁራጭ

የመንደሩን ማሳዎች ከላይ ሆኖ ያየ ሰው አንዱ ገበሬ ለምን ስድስት ቦታ እንደሚያርስ ይጠይቃል። መነሻው ርስት ነው። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር በየትውልዱ መሬቱ ይከፋፈላል፣ በጋብቻ ደግሞ የሌላ ቦታ ይጨመራል። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ርስት በሕግ ቀረ፤ የተበታተነው ማሳ ግን በአብዛኛው እንደተበታተነ ቆየ። ለትራክተር የማይመች ቢሆንም ፍርዱ አይቸኩል። ቁራጮቹ በተለያየ ከፍታና አፈር ላይ ናቸው። ውርጭ የሜዳውን ሲመታ የወገቡ ይተርፋል፤ ክረምቱ ሲከብድ መረሬው ቢሰጥም ጭንጫው ያበላል፤ በልግ ሲቀር የመኸሩ ይጠበቃል። መንዝ ላይ ይህ ነፍስ የማትረፍ ጉዳይ ነው። ከየካቲት ጀምሮ የሚጠበቀው የበልግ ዝናብ አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ደመናውን አሳይቶ ይሄዳል። ኩታ ገጠም ይሁን የሚባለውን ሐሳብ የምቃወመው ለዚህ ነው፤ ሜዳ አገር ያምራል፣ ተረተር አገር ግን አንድ ሌሊት ውርጭ ሁሉን ይወስዳል።

ድንጋይ ቤትና የጓሳ ክዳን

የመንዝ ቤት ዓይነተኛው ክብና የድንጋይ ነው። ክብነቱ ለውበት ብቻ አይደለም። ጥርብ ያልሆነ ድንጋይ ማዕዘን ላይ እርስ በርስ ማያያዝ ይከብዳል፤ ክብ ቤት ማዕዘን የለውም፣ ነፋሱም የሚይዘው ገጽ አያገኝም።

ግድግዳው ከግማሽ ሜትር በላይ ይወፍራል። ሁለት ፊት አለው፤ የውጭና የውስጥ ድንጋይ ተደርድሮ መሐሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል። ጭቃው በጭድ ተረግጦ ቢያንስ ጥቂት ቀን ይቦካል። እዚህ ላይ የሰነፍ ግንበኛና የጥሩ ግንበኛ ልዩነት ይታያል። ጥሩው በየክንዱ ርቀት ከውጭ ፊት እስከ ውስጥ ፊት የሚያቋርጥ ረጅም ድንጋይ ያስገባል፤ ሁለቱን ፊት የሚያስረው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ውኃ መሐሉ ሲገባ ጠጠሩ ይወርዳል፣ ግድግዳው ሆድ ያወጣል። ሆድ ያወጣ ግድግዳ በልስን አይድንም። እንጨት ደግፎ እስከዚያ ድረስ አፍርሶ መልሶ መገንባት ነው። በዳገቱ በኩል ባለው ጀርባ ቦይ መቆፈርም የግድ ነው፤ ብዙ የድንጋይ ቤት የሚፈርሰው ከላይ በወረደ ዝናብ ሳይሆን ከኋላ በሰረገ ውኃ ነው።

ጣሪያው ምሰሶ፣ ወራጅና ማገር ነው። ለምሰሶ ጥድ ከተገኘ ሌላ አይፈለግም፤ ምስጥ አይደፍረውም። ክዳኑ ጓሳ ነው። ጓሳ በቁጥቋጥ የሚበቅል፣ ቅጠሉ እንደ ሽቦ የቀጠነና የጠነከረ የውርጭ አገር ሣር ነው። በማጭድ ይታጨዳል፤ እስከ ሥሩ ተላጭቶ ከተቆረጠ መልሶ ለማቆጥቆጥ ይቸገራል። አከዳደኑ ከታች፣ ከግድግዳው ጠርዝ ተጀምሮ ዙሪያውን እየተነባበረ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። የላይኛው ንብብር የታችኛውን ማሰሪያ ሙሉ በሙሉ ካልሸፈነ ውኃ ማሰሪያውን ተከትሎ ይገባል። ጣሪያው ቁልቁል ካልሆነም ውኃው ሳይንሸራተት ይተኛል፣ ሣሩ ይበሰብሳል። ከሁሉ ቀድሞ የሚያፈሰው ጉልላቱ ሥር ነው፤ በየዓመቱ ከክረምት በፊት እሱን ማየት ሙሉውን ከመክደን ያድናል።

አንድ ነገር ግን ብዙዎች ይስቱታል። የሣር ክዳን ዕድሜው ጭሱ ነው። የምድጃው ጭስ በሣሩ መሐል ቀስ እያለ ሲወጣ ያደርቀዋል፣ ነፍሳትንም ያባርራል። ሰው የማይኖርበት ሣር ቤት ቶሎ የሚበሰብሰው በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱን «ለቅርስ» ብሎ ቆልፎ ማስቀመጥ እየገደሉት ነው ማለት ነው፤ በሳምንት ጥቂት ቀን እሳት የሚያነድበት ሰው ያስፈልጋል።

ቆርቆሮ መጥቷል፤ ይምጣም። እሳት አይፈራም፣ በየዘመኑ ሣር አያሳጭድም። ደጋ ላይ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሌሊት ውጭው ሲበርድ የሰውና የከብት ትንፋሽ ቆርቆሮው ላይ ውኃ ይሆንና ሊነጋጋ ሲል ይንጠባጠባል። ጭሱ በሣር መሐል እንደሚወጣው አይወጣም፣ ቤቱ ውስጥ ይከማችና ዓይንና ሳንባ ያጠፋል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ከቆርቆሮው ሥር በእንጨት ርብራብ ላይ ጭድና ጭቃ የተለሰነ ኮርኒስ ማድረግ፣ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ሁለት ፊት ለፊት የሆኑ ክፍተቶች መተው፣ ለምድጃውም የጭስ መውጫ ማበጀት።

ጓሳን የጠበቀው ማን ነው?

ይህ ሁሉ ሣር የሚመጣው ከመንዝ ጌራ፣ ጓሳ ከሚባለው አምባ ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የወል መሬት ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት በመሆኑ ዛሬ በውጭ አገር ሰው ዘንድ ይታወቃል። የመንዝ ሰው ግን ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመት የሚያውቀው ለክዳኑ፣ ለገመዱና ዝናብ ለሚከላከለው ገሳ ነው።

አጠባበቁ ቄሮ ይባል ነበር። የአስቦና የጌራ ልጆች፣ መሬቱን ያቀኑት አባቶች ዘር ነን የሚሉት፣ በየወገናቸው አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ቦታው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ እስኪደርስ ሰውም ከብትም አይገባም። ሲደርስ አባ ቄራዎቹ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ያስነግሩና በበጋ ይከፈታል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ይዘጋል። ጥበቃውን ተራ ገብቶ የሚጠብቀው ራሱ ባለ መብቱ ነው፤ ቀርቶ የተገኘም ይቀጣል።

ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ መብቱ የዘር ሐረግ መሆኑ ቀረ፣ ከቄሮው ጋር አለቅነቱም ቀረ። ሣሩን ያለ ወቅቱ ማጨድና እርሻ ወደ ውስጥ መግፋት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ውሎ አድሮ ሕዝቡ ዘር የማይጠይቅ፣ በቀበሌ ኮሚቴ የሚመራ ሌላ ሥርዓት አቆመ፣ አካባቢውም በክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ሆነ። የድሮው ቄሮ ፍጹም ነበር ማለት አይቻልም፤ ርስት የሌለውን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪውን በውጭ ያስቀረ ሥርዓት ነው። አዲሱ ይሻላል። የሚያሳስበው ግን ቆርቆሮ ነው። ጓሳ የተጠበቀው የመንደሩ ጣሪያ ሁሉ ከእሱ ስለሆነ ነበር፤ ክዳን የማይፈልግ ሰው ለሣር ተራ ገብቶ አይጠብቅም። አሁን ጥበቃው የቆመው ከአምባው በሚወርደው ምንጭ፣ በክፉ ዓመት በሚሰጠው ግጦሽና በጎብኚ ገንዘብ ላይ ነው። ሦስቱም ጥሩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን ብቻውን ይበቃል ባይ ነኝ፣ የታችኛው አገር ውኃ ከዚያ ነውና።

የራስን መንደር መመዝገብ

በፈረንሳይ ገጠር ያለ ሰው ስለ አያቶቹ ማሳ ማወቅ ሲፈልግ ከ1807 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በናፖሊዮን ዘመን የተነሳውን የመሬት ካርታ ያወጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር አለው፣ የአካባቢው መጠሪያም ተጽፎበታል። በእኛ በኩል የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ የሆነው አረንጓዴው ደብተር የባለ ይዞታውንና የአዋሳኞቹን ስም ይዟል፤ የማሳው የጥንት ስም ግን በአብዛኛው በአፍ ነው ያለው። ስለዚህ መመዝገብ የሚፈልግ ሰው ሥራው በእግር ነው።

መንደሩን ከላይ ወደ ታች በአንድ መስመር መቁረጥ ይሻላል፤ ከጫፉ ተነስቶ በቤቶቹ በኩል እስከ ወንዙ። ስልክ ላይ ያለው የከፍታ ቁጥር በአሥር ሜትሮች ሊሳሳት ስለሚችል ቁጥሩን ሳይሆን በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን ልዩነት ማመን ነው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ስልክ ከሆነ ይቀራረባል። አፈሩ የሚለወጥበትን፣ ምንጭ የሚወጣበትን፣ ውርጭ የሚቆምበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ። የውርጩን ወሰን መጠየቅ ሳይሆን ማየት ነው፤ በኅዳር ጠዋት ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነጩ የት እንዳለቀ ግልጽ ነው። ምንጩን ደግሞ በሚያዝያ ይለኩ፤ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ ሞላ? በመስከረም የተለካ ምንጭ ሁሉ ጥሩ ነው።

ለስም ሽማግሌ ይዘው ማሳው ላይ ይቁሙ። «አባባ፣ ይቺ ማን ትባላለች? ከዚያ ማዶስ?» ቤት ተቀምጦ የተጠየቀ ሰው የሚያስታውሰው ግማሹን ነው። ሴቶችን ለብቻ ይጠይቁ፤ የምንጭ፣ የማገዶና የጭቃ ቦታ ስም እነሱ ዘንድ ነው፣ ከወንዶቹም ይለያል። ሁለት ስም ከተገኘ ሁለቱንም መጻፍ እንጂ መምረጥ አይገባም። ዘመን ሲነገርም እንደተነገረ ይጻፍ፤ «ጣሊያን በገባ» ወይም «በሰባ ሰባቱ ድርቅ» ከተባለ ቃሉ ይቀመጥና ቁጥሩ ከጎኑ ይጨመር። በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስላለ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይባል የተጻፈ ዓመት ከአሥር ዓመት በኋላ ማንም አይፈታውም።

ቤት ሲመዘገብ ከውጭ ፎቶ ማንሳት ይቀላል፤ ዋጋ ያለው ግን የውስጡ ነው፤ ምሰሶውና ወራጁ እንዴት እንደታሰረ፣ ቆጡ በምን እንደቆመ፣ ከብቱና ሰው በምን እንደተለየ። የግድግዳውን ውፍረት በር ላይ ይለኩ። የውኃ መውረጃውንም እስከ መጨረሻው ተከትለው የት እንደሚያልቅ ይጻፉ፤ ማን እንደሚጠርገው፣ መቼ እንደሚጠረግ፣ በማን ማሳ እንደሚያልፍ። ጠብ የሚነሳበት እሱ ስለሆነ መልሱን የሚያውቁት ብዙ ናቸው።

አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱን ለቤተ ክርስቲያኑ፣ አንዱን ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት መስጠት ነው። በወረቀት ቢሆን ይመረጣል፤ መብራት ለሌለበት መንደር በፍላሽ የተሰጠ መዝገብ አልተሰጠም ማለት ነው።